ከተለያየን ዳቦ ቤቱ ጋ

ሳይክሉን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ፍሬሙን ከአንዱ፣ ጎማውን ከሌላው፣ ማርሹን ከሌላ ሰው ለቃቅሜ፣ ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ እጄን ግራሶ በግራሶ አድርጌ ሠራሁት። ተራራ የሚወጣ፣ ጎማው ወፍራም ሳይክል ነው። ጎረቤቶቼ "ሴትዮዋ ጋራዥ ከፈተች" እያሉ ሲያሽሟጥጡኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

የሠራሁት ለታላቅ ወንድሜ ነው። ፒያሳ ካለው ሰፈራችን፣ ከዶሮ ማነቂያ ለልማት ከተነሣን ወዲህ ጋሼ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር። በልጅነቴ ሳይክል መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። አሁን ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ከከተማ ዳር ያለ ባዶ ሜዳ ሲያይ ይውላል። አስሙም ብሶበታል። እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የድሮ ሰፈራችን ልጆች እሁድ እሁድ ከየተበተንበት መጥተን ፒያሳ እንገናኛለን። ልጆች የምለው በልማድ ነው እንጂ ግማሾቻችን አያት ሆነናል። በሳይክል ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወርደን፣ ተመልሰን በአፍንጮ በር ሽቅብ እንወጣለን። ያን እሁድ ጋሼን ከነአዲሱ ሳይክሉ ይዤው መጣሁ። አዲስ ነገር ሳይመረቅ አይነዳምና ሁሉም ተራ በተራ ጎማውን ጫን ጫን፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጉ መረቁለት። ልንነሣ ስንል አንዱ እንደ ሁልጊዜው "ከተለያየን ዳቦ ቤቱ ጋ" አለ። ሁላችንም እሺ አልን።

ዳቦ ቤቱ ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ቦታው ላይ ሣር ተተክሏል፣ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። ግን እኛ ከዳቦ ቤቱ ሌላ መገናኛ ኖሮን አያውቅም፣ ሌላ ቦታ መጥራትም አፋችን እምቢ ይላል።

አፍንጮ በር ዳገቱ ላይ ጋሼ ከፊት ሆነ። "ይሄ ነገር ሞተር አለው እንዴ?" ብሎ ሲስቅ ዕንባዬ መጣ፤ ሳቁን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ሞቀኝ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ሰጠኝና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በረዶው የወረደው ድንገት ነው። ጠጠር ጠጠሩ ሄልሜታችንን ሲደበድበው ሁሉም ወደየሱቁ ደጃፍ ተበተነ። ሲያባራ አስፋልቱ ጥጥ የተባዘተበት መስሏል። ጋሼ የለም። ደወልኩለት። ስልኩ ጀርባዬ ላይ ጮኸ።

ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ስልኩ አለ። ከስልኩ ጋር፣ አስሙ ሲነሣበት ወደ ውስጥ የሚስበው መድኃኒት አለ። ብርድ ነው የሚቀሰቅስበት፣ እሱ ደግሞ በሸሚዝ ነው ያለው። ዳቦ ቤቱ ጋ ሄዶ ይሆናል እያልኩ፣ በዚያ በረዶ መንዳት ስለማይታሰብ ሳይክሌን እየገፋሁ ቁልቁል ሮጥኩ።

ስደርስ የኛ ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፋፍለው ቆመዋል። ሁሉም የቆሙት ዳቦ ቤቱ ጋ ነው።

"ዳቦ ቤቱ እኮ ከውሃ ቦኖው ፊት ለፊት ነበር!" ትላለች አንዷ።

"ቦኖው የታለና ነው ፊት ለፊቱ የሚታወቀው?" ይላታል ሌላው ከወዲያ ማዶ።

"አሁን የዳቦ ቤት ክርክር ነው የያዛችሁት? ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው!" ብዬ ጮኽኩባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ዳቦ ቤቱ ነው ብዬ የመጣሁበት ቦታ ደግሞ ከሦስቱም የተለየ ነበር።

ተከፋፍለን እየተጣራን ፈለግን። ያገኘሁት እኔ ነኝ። አዲሱ መናፈሻ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሳይክሉን እንደ ምርኩዝ ይዞ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል። መድኃኒቱን አፉ ላይ ያዝኩለት። ሳበ፣ ቆይቶ ደግሞ ሳበ። ጃኬቱን አልብሼው ትንፋሹ እስኪመለስ ጀርባውን እያሻሸሁ ጠበቅኩ። ፈርቼ ስለነበር ልቆጣው ቸኮልኩ።

"የት ሄደህ ነው?"

"ስዞር ነበር። ዳቦ ቤቱን አጣሁት። ቤታችንን ካገኘሁ ከዚያ ተነሥቼ አላጣውም ብዬ ነበር። እሱም ጠፋኝ።"

"ሰው አትጠይቅም ታዲያ?"

"ያን የመናፈሻውን ጥበቃ ጠየቅኩት። 'አባቴ፣ ለአካባቢው እንግዳ ነዎት?' አለኝ።"

ደሜ ፈላ። ተወልዶ በሸበተበት ሰፈር! ሄጄ ልነግረው ስነሣ ጋሼ እጅጌዬን ያዘኝ።

"ተይው፣ እሱ ምን አጠፋ?"

"አንተስ ምን አልከው?"

ሣሩ ላይ የሚቀልጠውን በረዶ በጫማው ገፋ አደረገው።

"አዎ አልኩት።"