ጊታሬን ቀበሌ እንዳይወስድብኝ

ደርግ ባሕር ዳር ፋብሪካ መድቦኝ ከድሬዳዋ በወጣሁበት ምሽት፣ እናቴ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኝታኝ፣ «አቦ፣ ጊታሩን ተወውና ብርድ ልብስ ያዝ! ጎጃም ይበርዳል አሉ» አለችኝ። ጊታሩን ያዝሁ። ባሕር ዳርም ያን ያህል አልበረደችኝም። ግን እንደ ድሬ አልጋዬን ግቢ አውጥቼ ልተኛ ብዬ የጣና ትንኝ ስትበላኝ አደረች።

አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ወሬ የሚወዱ ሴት ናቸው። የገባሁ ዕለት እንደ አገሬ ልማድ፣ «እትዬ፣ ውሃው የት ነው? አሳዪኝ» ብላቸው ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እናት አላሳደገችህም?» አሉኝ።

ኧረ አሳድጋኛለች! ድሬ ከንቲባውም «አንተ» መሆኑን ማን ይንገራቸው? ከዚያ ወዲያ ድመታቸውን ሳይቀር «እርስዎ» ማለት ቃጣኝ።

የጊታሩ ድምፅ ከአጥር ሲያልፍ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከች አሉ።

«ጓድ፣ ይህ መሣሪያ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«የግል?»

«አዎ።»

«የአገሩን ዘፈን ትዘፍንበታለህ?»

ጊታሩን ወደ ኋላዬ ሸሸግ አደረግሁት።

«እንግዲያው ለመጪው ስብሰባ አዳራሽ ቀርበህ እየተጫወትህ ትዘፍናለህ። ካልቻልህ ጊታሩ ለኪነት ቡድኑ ገቢ ይሆናል!»

ጉዴ ፈላ። እኔ እኮ ስጫወት አፌ ይዘጋል፤ አፌን ስከፍት ጣቴ ቀጥ ይላል። አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች ሲመታ ሌሎቹ ጣቶች ቀጫጭኖቹን መልቀም አለባቸው፤ በዚያ ላይ ዘፈን! ያ ጊታር ከተወሰደብኝ ደግሞ የድሬ ናፍቆት እንደሚያሳብደኝ አውቃለሁ።

ማታ ማታ በረንዳ ላይ ስለማመድ እትዬ ጥሩወርቅ አጠገቤ ተቀምጠው ጥያቄያቸውን ያወርዱታል።

«እናትህ ምን ትሠራለች?»

ጣቴን አቁሜ፣ «ሳምቡሳ ትሸጣለች» አልኋቸው።

«ምነው አቆምህ? እየመታህ አውራኝ እንጂ!»

የትልቅ ሰው ጥያቄ ዝም አይባል፤ እየተደናበርሁ መለስሁ። ሳምቡሳው ውስጥ ምን እንደሚገባ፣ ለምን ሚስት እንዳላገባሁ፣ ባቡሩ ስንት ጎማ እንዳለው... አንድ ማታ ስለ እናቴ ሳወራላቸው ልቤ ድሬ ሄዶ ኖሯል፤ ብነቃ ጣቶቼ ሥራቸውን ቀጥለዋል! «እትዬ፣ እዩልኝ!» ብዬ ጮህሁ። እሳቸው ወሬያቸው ስለተቋረጠ ተቆጡ። ከዚያ ወዲያ መልሴን በዜማ አደረግሁት፤ ቀስ እያለ ዘፈን ሆነ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ያጠናሁትን ዘፈን አንድ ሳልስት ጨረስሁ። ተገላገልሁ ስል እትዬ ጥሩወርቅ ከመሀል ብድግ ብለው «ተቀበል!» አሉ። ለካስ እዚህ አገር ሰሚው ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙ ያንኑ ግጥም እዚያው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ወይ ጣጣ!

«ድሬ ላይ ተወልዶ ጣና ዳር ያደረ፣
ዛሬስ የኔ ልጅ ነው፤ እንግዳ ነበረ።»

ያላጠናሁት ግጥም ነው፤ ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን ጣቴ ላይ ተክለዋል። እንደ በረንዳው ወሬ ቆጠርሁትና አፌን ከፈትሁ። ጣቴ አልቆመም! «እንግዳ ነበረ» ስል እንባዬ መጣ፤ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሊቀ መንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ጊታሩ ያንተው ነው። አንተ ግን የኛ ነህ፤ ዝውውር ብትጠይቅ የቀበሌ ድጋፍ አንጽፍልህም» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጭንቀቴን ለእናቴ በደብዳቤ ነግሬያት ነበርና በማግስቱ ቴሌ ተሰልፌ ድሬ ደወልሁ።

«እማዬ፣ ጊታሬን አልወሰዱብኝም!»

«ጎበዝ! መቼ ነው ታዲያ የምትመጣው?»

ሊቀ መንበሩ ያሉትን ነገርኋት።

«አቦ፣ ጊታሩን ትተው አንተን ወሰዱህ በለኛ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አከራይህ ሴትዮ ታበላሃለች?» አለችኝ።