የለንደን ወግ

ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ የለንደን ጂን የተባለ ውድ መጠጥ ልንቀምስ ተጋብዘን ነበር። ከረባት ያሰረው ባለሙያ «ምን ምን ይሸታችኋል?» ይለናል። እኔ ምኑም አልሸተተኝም። ግን ቄራ ሰፈር አረቄ የምታወጣ አክስት አለችኝ፤ ጥሩውን ከመጥፎው የምትለየው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ አፋትጋ በማሽተት ነው። ሳላስበው እንደሷ አደረግሁ። በቃ፣ ጥዱ፣ ድንብላሉ፣ የሎሚ ልጣጩ ተራ በተራ መጣ! ቀና ስል ሰዉ ሁሉ መዳፉን ያፋትጋል። አፈርኩ። ባለሙያው ግን በጥሞና ያየኝ ነበር።

በወሩ አክስቴን ይዤ ተመለስኩ። ያው ባለሙያ ብርጭቆውን አንስቶ፣ «መጀመሪያ መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ አፋትጉ፤ የለንደን ወግ ነው» አለ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ለንደኖችን ደግሞ ማን አስተማራቸው?» አለችኝ።