በአንድ አውቶቡስ የሄዱት ሁለት ወገኖች

ጆርጂያ ግዛት፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የኪራይ አውቶቡስ ድርጅት ጋራዥ የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት አውቶቡስ ሥር ተኝቼ ነው። የስምሪት ኃላፊው ሚስተር ዊልክስ የእጅ ባትሪ ሰጠኝና “አየር የሚያፈስበትን ቦታ ፈልግ” አለኝ። አገር ቤት ሳለሁ በአሰብ መንገድ ስድስት ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ጆሮዬን አስጠግቼ የኋላው ፍሬን ቱቦ ላይ አገኘሁት። “ነገ ቁልፍ ትወስዳለህ” አለኝ።

የሾፌር ደንቡ አጭር ነበር፦ ሰዓት አክብር፣ ሰው ቁጠር፣ በተሳፋሪ ወሬ አትግባ። የመጨረሻውን አንድ ቀን ጥሻለሁ።

ጊዜው በፈረንጆች ሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የጆርጂያ ምክር ቤት ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ ይከራከር ስለነበር ከተማው ለሁለት ተከፍሏል። እኛ ሐበሾችም አልቀረልንም። እትዬ አስካለ አዲስ አበባ አዋላጅ ነበሩ፤ ያኔ ሚድታውን ሆስፒታል ይሠራሉ። ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ እንዳይሆን ይፈልጋሉ። የልብ ጓደኛቸው እትዬ ብርሃኔ ታከር በሚባል ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት አላቸው፤ የጴንጤ ቸርች አባል ናቸው። ሕጉ ይጥበቅ ባይ ናቸው። አንድ ክርስትና ላይ በዚሁ ነገር ተጣልተው አምስት ወር ተኮራርፈው ነበር።

ሁለቱም ወገኖች ምክር ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ በጠሩበት ቀን የእትዬ ብርሃኔን ቸርች ሰዎች ከታከር ጫንኩ። ሀይዌይ ላይ የድርጅታችን ሌላ አውቶቡስ ሞተሩ ግሎ ቆሟል። ሚስተር ዊልክስ በሬዲዮ ጠራኝ።

“ግርማ፣ ባዶ ወንበር አለህ?”

“ሃያ አንድ።”

“በቃ ጫናቸው።”

“ሚስተር ዊልክስ፣ እነዚህ እኮ የሌላው ወገን ሰልፈኞች ናቸው።”

“ወንበሩ ይህን ያውቃል?” አለኝ።

የሁለቱንም መፈክሮች ሻንጣ መጫኛው ውስጥ አነባብሬ አስገባሁ። መጨረሻ የገቡት እትዬ አስካለ ነበሩ። የቀረው አንድ ወንበር ከኋላዬ ነው፤ ከእትዬ ብርሃኔ ጎን።

ጥቂት እንደሄድን ሁለቱ በአማርኛ ክርክር ጀመሩ።

“ተደብቀው አስወርደው የመጡ ልጆች እጄ ላይ ሞተዋል፣ ብርሃኔ። አንቺ አላየሽም።”

“እኔም ሁለት ጊዜ ጨንግፎብኛል። ነፍስ መሆኑን የማውቀው በሆዴ ነው። አንቺም አጠገቤ ነበርሽ!”

ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ፈረንጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እኔ በመስታወቱ አየኋቸው። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። መታገስ አቃተኝ።

“እትዬ ብርሃኔ፣ የልጅዎ የሰናይት ሠርግ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?”

“ነው።”

“እትዬ አስካለን ጠርተዋቸዋል?”

እትዬ አስካለ ወደ መስኮቱ ዞረው “እኔ ነኝ ያዋለድኳት” አሉ፣ ቀስ ብለው።

እትዬ ብርሃኔ ቦርሳቸውን ከፍተው የሠርግ ካርድ አወጡ። ጠርዙ ተጣጥፏል። “ከታተመ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ” አሉ። “ደጅሽ ድረስ መጥቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ።”

“ታዲያ ደወሉን አትጫኚውም? እብድ!”

ተቃቀፉ፤ እየሳቁ ያለቅሳሉ። የቸርቹ ፓስተር ደንግጠው ምን ሆኑ ብለው ጠየቁኝ። “ልጅ እየዳሩ ነው” አልኳቸው። አንዷ ሰልፈኛ አጨበጨበች፤ ከዚያ አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ።

ምክር ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ እያንዳንዱ መፈክሩን ይዞ በመንገዱ ግራና ቀኝ በየወገኑ ቆመ። ሁለቱም ሴቶች ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ብርዱ ሲበረታ እትዬ ብርሃኔ ፔርሙዝ ይዘው መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ ፖሊሱ አስቆማቸው። “ከየትኛው ወገን ነዎት?” ቢላቸው “ሻይ ላደርስ ነው” አሉት። አሳለፋቸው።

ስንመለስ ቆጠርኩ፤ ማንም አልጎደለም። ሚስተር ዊልክስ በወሬ መግባቴን ሰምቶ ጠራኝ። ሊቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ “ሠርጉ ላይ እኔም ልምጣ?” አለኝ። መጣ፤ እስክስታ ሞክሮ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። እትዬ አስካለ ሙሽራዋን አጅበው ሲገቡ እልልታው ጆሮ ይበጥስ ነበር።

በዓመቱ ክርክሩ ተመለሰ። ሁለቱም አቋማቸውን አልለወጡም፤ በየበኩላቸው ሰልፍ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ነድቻለሁ። ከዚህ ሥራ የተማርኩት፣ ሰዎች ሳይስማሙም አብረው መሄድ እንደሚችሉ ነው።