መስኮቱን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴም ለፓስተሬም ተናግሬ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ዛሬ የመጀመሪያው ነው፤ እባካችሁ ሳታቋርጡኝ ስሙኝ።

ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ጀፕ መንገድ ላይ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ክላርኔት እነፋ ነበር። ዮቪል ሰፈር በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የምንሰበሰብ አምስት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበርን። የብራዚልን የሰፈር ዘፈን፣ ሾሮ የሚሉትን ፈጣንና ሆድ የሚያባባ ዜማ፣ ከአውሮፓ ክላሲክ ጋር አዋህደን እንጫወታለን። ያሰባሰበን አርማንዶ የሚባል ሞዛምቢካዊ ፍሉት ተጫዋች ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ "ጋሼ" ስለው ደስ ይለው ነበር። ሆርን የሚነፋው ታቦ ደግሞ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው።

ፊታችን ቆሞ በእጁ ምት የሚመራን ሰው አልነበረም። አርማንዶ አየር ሳብ ሲያደርግ ሁላችንም አብረን እንስባለን፤ ዘፈኑ ከዚያ ይነሳል። ኮሮና ሲመጣ ይኸው የምንወደው ነገር አስፈሪ ሆነ። ማስክ አድርጎ ፍሉት የሚነፋ የለማ! ስለዚህ ተራርቀን ተቀመጥን፣ በዚያ ሁሉ ብርድ መስኮቱን ከፈትን። አርማንዶም በር ላይ ቆሞ እያንዳንዳችንን "ደህና ነህ?" ሳይል አያስገባም ነበር።

ዘፈናችንን በምንቀዳበት ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤቴ ምግብ ቤት ቁሌት አልሸተተኝም። አፍንጫዬን በርበሬ ዕቃ ውስጥ ከተትኩ፤ ምንም የለም። ያን ጊዜ ይህ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነበር? እኔ አወቅኩ። እያወቅኩ ክላርኔቴን አንስቼ ሄድኩ። ለምን? አርማንዶ ዘፈኑ መሃል ላይ ፍሉትና ክላርኔት ብቻቸውን የሚመላለሱበትን ቦታ ለእኔ ብሎ ጽፎት ነበር። ብቀር ሌላ ሰው ይነፋዋል። ይህን ነው ያልቻልኩት።

በር ላይ "ደህና ነህ?" አለኝ።

"ደህና ነኝ ጋሼ" አልኩት።

ገና ስንጀምር ብርድ ብርድ አለኝ። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ታቦ ነበር። "ታቦ ወንድሜ፣ ዝጋልኝ፤ ጣቴ ደነዘዘ" አልኩት። ጣቴ ምንም አልሆነም፤ ትኩሳቱ ነበር። አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተነስቶ ዘጋው። የእኔ ቦታ ሲደርስ አርማንዶ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። ደህና ነኝ ብዬው የለ? ፊት ለፊት ሆነን እየተያየን ነፋን። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ነፍቼ አላውቅም፤ ይህንንም ሳልናገር ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ሁላችንም ታመምን። አራታችን ተነሳን። አርማንዶ ኦክስጅን ላይ ሰነበተና ሞተ፤ ቀብሩን በስልክ አየን።

ከዚያ ታቦ ሱቄ መጣ። የብርድ ልብሱ ክምር ላይ ተቀመጠ። "ማይ ብራ፣ ወንድሜ፣ በሽታውን ከታክሲዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌውን ገደልኩት፣ አንተንም አሳመምኩህ። ይቅር በለኝ" ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ያን ጊዜ መናገር አልነበረብኝም? ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ጀርባውን ዳበስኩት። "ይቅር ብዬሃለሁ" አልኩት። የእኔን ኃጢአት ለእሱ ይቅር አልኩለት! ሲወጣም አንድ ብርድ ልብስ ሰጠሁት፤ ደግነቴን አመሰገነ።

ከዚያ ወዲህ ታቦ ሆርን አልነፋም። አንዳንዴ በጀፕ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል፤ እኔም እጄን አነሳለታለሁ።

ፈራሁ ብዬ ይቅርታ አልለምናችሁም። ይህን መስማት የነበረበት ታቦ ነው፤ ሱቄ ፊት ለፊት በየቀኑ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬም ለእሱ ሳልነግር ለማታውቁኝ ለእናንተ ነገርኩ።