የእትዬ ዘሃራ የመሐለቅ ድሪ

ከደሴ መነሣት

የተነሣሁት መሐለቅ ፍለጋ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ሰው ወጥቶ በሰላም ለመግባት በሚሳልበት ሰዓት፣ የድሮ ጥቃቅን የብር ሳንቲም ልልቀም ብሎ ቆቦ መሄድ እብደት ነው። ሚስቴም ይህንኑ ነግራኛለች። ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ተዘግቶ ነበርና እኔ መምህሩ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ።

ቆቦ

የተሳፈርኩበት ሎንችና ከወልድያ ጀምሮ አቧራ ሲያበላን ዋለ። ሜዳው ላይ ማሽላው ታጭዷል፤ በምሥራቅ ዞብል ተራራ ይታያል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላሁና የአልጋ ቤቱን ባለቤት በጆሮው ጠየቅሁት፤ ያን ጊዜ ስለ ብር ጮክ ብሎ የሚያወራ የለም። እሱም እትዬ ዘሃራ ዘንድ ወሰደኝ። በሬያቸው ሞቶባቸው፣ የበልጉ እርሻ ወቅት ሳያልፍ ሌላ ለመግዛት መሐለቅ የተሰካበትን የሙሽርነት ድሪያቸውን ሊሸጡ ነው። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሰጥቼ ወሰድኩት።

ክፍሌ ገብቼ መሐለቆቹን በሎሚና በአመድ አሸሁ። የዓመታት ቅቤና ላብ ሲለቅ ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው አንበሳ እግሩን እንዳነሣ ወጣ፤ የጠርዙ ጥርስም አልደበዘዘም። በቅርጽ ቀልጦ የፈሰሰ አስመሳይ አንድም የለበትም። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ኬላው

በማግስቱ ወደ ደሴ ስመለስ ግን ሎንችናው ላይ ክፉ ወሬ ሰማሁ። ፊታችን ባለው ኬላ ላይ የድሮ ብር የተገኘበት ነጋዴ «ለወንበዴ ስንቅ ገዢ» ተብሎ ታስሯል። እትዬ ዘሃራ ሮቢት እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሴት ያሰረችው ጌጥ ነውና አይነኩትም ብዬ፣ ኬላውን እስክናልፍ ድሪውን እንዲያስሩልኝ ለመንኳቸው። እሺ ብለው ሲቀበሉኝ ግን ደነገጡ።

«ምነው መምህር፣ አጠብከው? እንዲህ የሚያበራ ድሪ በራያ ማን ያስራል?» አሉኝ።

ከፀጉራቸው ቅቤ እየጠረጉ ሲያሹት ኬላው ደረስን። ጠባቂው የአገሩ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ቀጥታ አንገታቸው ላይ አረፈ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ ልጄ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ አጠብኩት።»

አላመነም። እትዬ ዘሃራ አልተከራከሩትም፤ ድሪውን በጣታቸው አንሥተው አንገታቸውን አቀኑለት። ክሩ የኖረበት ቦታ ጠቁሮ መስመር ሠርቷል። የእናቱንም አንገት አይቶ ያደገ ነውና እለፉ አለን።

ተገላገልኩ ስል ጠባቂው ራሱ ሮቢት ሊሄድ ተሳፍሮ መሀላችን ገባ። እሱ እያለ ድሪውን ይመልሱልኝ ማለት አልቻልኩም። ሮቢት ላይ እትዬ ዘሃራ ድሪውን እንዳሰሩ ወረዱና ዞር አሉ።

«መምህር፣ አደራህ እኔ ዘንድ ነው። መንገድ ሲቀናህ ና።»

ጠባቂው መውረዱን ትቶ አየኝ። «የምን አደራ?»

«ሰላምታ ነው፤ ለዘመድ» አልኩ። ፈጣሪ ይስጠው፣ ወረደ።

ደሴ

ባዶ እጄን ስገባ ሚስቴ በመምጣቴ ብቻ አለቀሰች። እኔም ስለ ብሩ ያዘንኩት ሰንብቼ ነው። ወደ ሮቢት ልመለስ ባሰብኩ ቁጥር ያ ጠባቂ ፊቴ ይደቀናል። ድሪው የእርስዎ ይሁን፣ እንደ ድሮው ይሰሩት ብዬ መልእክት እንዳልልክ፣ ቃሉ በሰው አፍ ይዞራል ብዬ ፈራሁ።

ኋላ ከቆቦ የመጣ ባልደረባዬ ስለ እሳቸው አጫወተኝ። ልጃቸውን ሲድሩ ጎረቤት ድሪውን አውጪላት ቢላቸው፣ «የሰው አደራ ነው» ብለው ሙሽራዋን አንገቷን ባዶ ሸኟት። ያን አንድ ቃል እንዳልልክ የከለከለኝ ፍርሃቴ ለሌላ ሰው ልጅ እንደሚተርፍ ያን ቀን ተማርኩ።