እንጉዳይ ቀማሹ

ግራና ወደምትባለው ከተማ ገበያ ስወርድ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ አገኘኋቸው። በ1992 በልጉ ዘግይቶ ነበር፤ ሰማዩ የታረቀው ገበሬው ዘሩን ቆልቶ ከበላው በኋላ ነው። ሽማግሌው ከወይራ ሥር ተንበርክከው እርጥቡን ቅጠል በዱላቸው ጫፍ ይገልጣሉ። ካኪ ኮታቸው ሰፍቷቸው ትከሻው ወደ ክንዳቸው ወርዷል። የለቀሙትን ሳማ በእርዳታ ስንዴ ከረጢት፣ እንጉዳዩን ግን ለብቻው በባርኔጣቸው ይዘዋል።

«አባባ፣ የሚበላውን ከማይበላው ይለዩታል?» አልኳቸው።

«በእኛ አገር እንጉዳይ ማን ይበላ ነበር ልጄ? የጅብ ጥላ እያልን በእግራችን ስንመታው ነው የኖርነው።» አንዱን አንስተው አሸተቱ። «አሁን እኔ እቀድማለሁ። ጠዋት እቀምስና እስከ ማታ ካላመመኝ ለልጅ ልጆቼ ይቀቀላል። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ለመንገድ የያዝኩትን ዳቦ ሰጠኋቸው፤ ተቀብለው ሳሙትና ሳይቆርሱት ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። መርዙ በማግስቱ የሚነሳ እንጉዳይ እንዳለ ሰምቼ ስለነበር እሱንም ነገርኳቸው።

አልተቆጡም፤ አልደነገጡምም። ከቁልቁለቱ ሥር ወዳለችው ጭስ አልባ ጎጇቸው አዩ።

«እስከ ማግስት የሚያቆይ አቅም ልጆቹ ዘንድ የለም» አሉ።

ከዚያ አንዱን ነጭ እንጉዳይ በኮታቸው እጅጌ ጠረጉና አማትበው ጎረሱት።