የኦቦ ኩምሳ ግማሽ ማርክ

ባለፈው ወር አምቦ የተከራየሁትን ቤት ምስጥ ገባበት። አከራዬ ነጭ ጋዝ በጄሪካን ይዘው መጡና የበሩን መቃንና የወለሉን ጥግ በጨርቅ እየነከሩ ቀቡት። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቤቱም አከራዬም ጠፉብኝ፤ ጊንጪ፣ የትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ውስጥ ነበርኩ። የላይብረሪው ሠራተኛ ኦቦ ኩምሳ ሰኞ ሰኞ መደርደሪያዎቹን በነጭ ጋዝ ይወለውሉ ነበር። ምስጥ መጻሕፍቱን እንዳይጨርስባቸው ይሰጋሉ። እውነት ለመናገር፣ ያኔ ከምስጥ በቀር ወደዚያ ቤት ዘው የሚል አልነበረም።

አጠር ያሉ፣ ቡናማ ጃኬት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። መቀስና ፕላስተር ከኪሳቸው አይጠፋም። መጽሐፉን ሁሉ በነጭ ላስቲክ ስለሚለብጡት ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል። ያን ዓመት ዳይሬክተሩ ጠርተው ቁርጡን ነገሯቸው፤ ተማሪ የማይገባበት ከሆነ ላይብረሪው ከሁለተኛው ሴሚስተር ጀምሮ መማሪያ ክፍል ይሆናል፣ እሳቸውም በር ላይ ጥበቃውን ያግዛሉ። ጊንጪ ወሬ አይደበቅምና ሁላችንም ሰማን። ኦቦ ኩምሳ መወልወሉን በየቀኑ አደረጉት።

እኛ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን፤ ስማርት ስልክ ገና የአባቶች ንብረት ነው። አሳይመንት ሲሰጠን የምንሮጠው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ኮምፒውተር ቤት ነበር። እዚያ የሚሠራው ልጅ ርዕሱን ይጠይቃል፣ ከሆነ ቦታ አውርዶ ያትማል፣ ሽፋኑ ላይ ስማችንን ይጽፋል፣ አለቀ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር ሰናይት ስለ ደንዲ ሐይቅ ጻፉ ስትለንም እንዲሁ አደረግን። እኛው ራሳችን የደንዲ ወረዳ ልጆች ሆነን! ወረቀታችንን ስታነብ ሳቋ አመለጣት። ሽፋኑ ደንዲ ይላል፣ ውስጡ «በከተማችን በሐዋሳ» ብሎ ይጀምራል። ክፍሉ በሙሉ ደንዲ ላይ የዓሣ ገበያ አቁሞ ጉማሬ ለቆበታል።

ቁልሉን ታቅፋ ቀጥ ብላ ላይብረሪ ገባች። እዚያ ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ በማግስቱ ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ፊታችን ቆሙ።

«ጥያቄው ይኼ ነው» አለች ቲቸር ሰናይት። «ደንዲ ሐይቅ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ግማሹን ማርክ ለጽሑፋችሁ እኔ እሰጣለሁ። ግማሹን ኦቦ ኩምሳ ይሰጧችኋል፤ እንዴት እንዳወቃችሁ ለእሳቸው ታስረዳላችሁ።»

መምህር ማርኩን ለሌላ ሰው ሲያካፍል አይተን አናውቅም። ክፍሉ አጉረመረመ።

ኦቦ ኩምሳ ጠረጴዛው ላይ ሁለት መጻሕፍት ገልጠው ጠበቁን። አንዱ ሐይቁ አንድ ነው ይላል፣ ሌላው ሁለት። ልኩ የትኛው ነው ብንላቸው፣ እዚያ የሚኖር ዘመድ የላችሁም ወይ ብለው መለሱን። ቅዳሜ ደንዲ ተራራ ሥር ወደሚኖሩት አያቴ ሄድኩ። «አንድ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ እየሳቁ። «ወገቡ ነው የቀጠነው።»

ሰኞ ኦቦ ኩምሳ ፊት ተቀመጥኩ።

«ኤኙቱ ጄዴ?» አሉኝ። ማን አለ ማለታቸው ነው፤ ማንንም ሳይጠይቁ አያልፉም።

«አያቴ። ሐይቁ ዳር ነው ያደጉት።»

«መጽሐፉስ ለምን ሁለት አለ?»

«እሱን አላወቅሁም።»

«እንደሱ ብለሽ ጻፊዋ! ያላወቅሽውን ከደበቅሽው ቀጥሎ የሚፈልገው ሰው ከየት ይነሳል?»

ለአላወቅሁም ማርክ ሲሰጠኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። እስከ ቤቴ በደስታ እየዘለልኩ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ላይብረሪው በተማሪ ሞልቶ መቀመጫ ጠፋበት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ሜትር የያዘ አናጢ አስከትለው ክፍሉን ሊያስለኩ ገቡ። እኛ በደንዲ ነገር እንጨቃጨቃለን። «ሁለት ነው እንጂ! ምን ያንጫጫችኋል?» አሉ። ከፊት የተቀመጠችው ለሊሴ በትሕትና ብድግ ብላ «ማን አለ፣ ዳይሬክተር?» አለቻቸው። ኦቦ ኩምሳ መሬት መሬት ያያሉ። ዳይሬክተሩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ሳቅ ቀደማቸው፤ ወንበር ስበው መጻሕፍቱን ማገላበጥ ጀመሩ። አናጢው ሜትሩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ቤቱ ተረፈ ብዬ ልቤ ሞላ።

አልተረፈም። ተማሪው በዝቶ በአንድ ዴስክ ተጨናንቀን ነበር የምንማረው፤ ዳይሬክተሩም ሌላ ክፍል ከየት ያምጡ? በሁለተኛው ሴሚስተር ዴስኮቹ ገቡ፣ መጻሕፍቱ መምህራን ማረፊያ ወዳለው ቁም ሣጥን ተጋዙ። አለቀስኩ። ኦቦ ኩምሳ ግን በር ላይ አልቆሙም። ቲቸር ሰናይት ያለ እሳቸው አላስተምርም ብላ ዳይሬክተሩን ወጥራ ይዛ፣ በክፍለ ጊዜዋ አብረዋት እንዲገቡ አስፈቀደች። የመጀመሪያ ቀን ጠመኔውን ሰጠቻቸው። ዕድሜያቸውን መጽሐፍ ሲያቀብሉ የኖሩ ሰው፣ ሰሌዳው ላይ ጠመኔውን ከልክ በላይ ተጭነው ሰበሩት። ማንም አልሳቀም። በስባሪው ጻፉበት።

ጡረታ እስኪወጡ እንደዚያው አስተማሩ። ዘንድሮ ጊንጪ ሄጄ ትምህርት ቤቱን ጎራ ብዬ ሳይ፣ በቦታቸው የተቀጠረችው ወጣት መጻሕፍት ታቅፋ ከአንድ መምህር ጋር ወደ ክፍል ስትገባ ደረስኩ። አብራችሁ ነው እንዴ የምታስተምሩት አልኳት። በጥያቄዬ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«አዎ» አለችኝ። «ሌላ ቦታ እንዴት ነው ታዲያ?»